ያልመጣን ጥፋት መጻፍ ይገባልን?

በአገራችን ከሚጽፉ ወጣቶች መካከል ገና ስላልመጣ ዘመን ልብ ወለድ ታሪክ ለመድረስ የሚመኙ አሉ። የሚያስቡትም ዘመን የደስታ ዘመን አይደለም፤ ምንጭ የደረቀበት፥ አፈር ተጠርጎ ድንጋይ ብቻ የቀረበት፥ የተራበውም ሕዝብ በገዢዎቹ ላይ የተነሣበት ዘመን ነው። ይህን የሚሰሙ ካህናትና ሽማግሌዎች ግን ይጠይቃሉ። ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ ሐሰት አይደለምን? ነገን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ሲሆን ሰው ስለ ነገ ምን ሥልጣን አለው? ይልቁንም መሸፈት ለለመደ አገር የሽፍትነትን ታሪክ መስጠት በደረቅ ሣር ላይ ፍም መጣል አይሆንምን? ጥያቄው ለማንም ሰው ከባድ ነው፤ ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ግን ከሌላው ይልቅ ይከብዳል።

እንዲህ ያለው ድርሰት በሌላው ዓለም የቆየ ነው። ሩሲያዊው ኢቭጌኒ ዛምያቲን «እኛ» የሚለውን መጽሐፉን በአገሩ ማሳተም ስላልተፈቀደለት፥ መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1924 በኒው ዮርክ ነው። በዚያ ታሪክ ሰዎች ስም አጥተው በቍጥር ይጠራሉ፤ ከተማቸው በታላቅ ግንብ ታጥሮ ዛፍና አውሬ ሁሉ ከግንቡ ውጭ ቀርቷል፤ ዓመፀኞቹም የሚያፈርሱት ይህን ግንብ ነው። (ለጎጃም አንባቢ ነገሩ የተገላበጠ ሆኖ ይታየዋል፤ በእኛ ዘንድ አጥሩ የሚከበው የደብሩን ዛፍ ነውና፥ ሰው የሚኖረውም ከአጥሩ ውጭ በተራቈተው ምድር ላይ ነው።) በእኛም ቋንቋ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» በሚለው ድርሰታቸው ያገር ልማድ እንዲሻሻል በታሪክ አስመስለው መከሩ፤ በ2001 ዓ.ም. የታተመው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ም የጣናን ገዳማት ከዘመኑ የምርምር ጥበብ ጋር አገናኝቶ ብዙ አንባቢ አገኘ። እንግዲህ መልካሙን ዓለም በልብ ወለድ ማሳየት ከተፈቀደ፥ ክፉውን ማሳየት የሚከለከልበትን ምክንያት ከሳሹ ማስረዳት አለበት።

ሐሰተኛ የሚባለው ሰሚው እውነት ነው ብሎ እንዲቀበለው አስቦ ያልሆነውን የሚናገር ሰው ነው፤ ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ፈጠራ መሆኑን አስቀድሞ አስታውቆ ይጀምራል። በዲማ ወይም በዋሸራ ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሰሙ መቶ ዓመት ወደ ፊት ቢሄድም ወርቁ ዛሬ ሊሆን ይችላልና። ዳሩ ግን ይህ መልስ ብቻውን አይበቃም። ስለሚመጣው ጥፋት የሚጽፍ ሰው ከሌላው ተራኪ የሚለየው፥ «ይህ ነገር ሊደርስ ይችላል» ብሎ መታመንን ስለሚፈልግ ነው።

እዚህ ላይ ዮናስን እናስብ። ነነዌ እንደምትጠፋ ሰበከ፤ ነነዌ ግን አልጠፋችም። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ በአመድ ላይ ተቀመጠ፤ እንስሳት ሳይቀሩ ጾሙ። ነቢዩም ተቈጣ፤ ሐሰተኛ እባላለሁ ብሎ ነው ይላሉ መምህራን። በየዓመቱ ጾመ ነነዌ ሲደርስ ስለ ንጉሡ ንስሐ ብዙ ይሰበካል፥ ስለ ነቢዩ ቍጣ ግን ጥቂት፤ ለጸሐፊ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ይመስለኛል። ጥፋትን የሚጽፍ ሰው በልቡ የሚሻው ምንድር ነው? ጥፋቱ ደርሶ «ብዬ ነበር» ለማለት ነውን? ወይስ ሰው ሰምቶ ተመልሶ መጽሐፉ ያልተፈጸመ ቃል ሆኖ እንዲቀር? ሁለተኛውን የሚወድ ጸሐፊ እንደ ዮናስ መሳቂያ ለመሆን ቈርጦ መነሣት አለበት፤ ይህም ለደራሲ ትዕቢት ቀላል ፈተና አይደለም።

ከዮናስ ጋር የሚለያየው ግን ዮናስ ተልኮ ነበር፤ ጸሐፊው የላከው የለም። የተላከ ሰው ምክንያት አይጠየቅም፤ ያልተላከ ይጠየቃል። «ፍካሬ ኢየሱስ» የክፉውን ዘመን መከራ ዘርዝሮ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል፤ ደጃዝማች ካሣም በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ስመ መንግሥታቸውን ከዚያ ተስፋ ወሰዱ። ተስፋው በአንድ ስም ላይ ስለ ተሰቀለ ስሙን የወሰደ ተስፋውንም ወሰደ፤ የሆነውም በመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ታየ። ያልተላከው ጸሐፊ ግን ስም ሊሰጠን አይችልም፤ ሊሰጠን የሚችለው ምክንያትን ብቻ ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ ወደዚያ ይደረሳል ብሎ በዓይን በሚታይ ነገር ማስረዳት።

በዓይን የሚታየው ነገር ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከቢቸና ወደ ሰሜን ምዕራብ፥ ከሞጣ ወደ ደቡብ ቀና ያለ ሰው ጮቄን ያያል። ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ሙጋና ሱሓ፥ ጨሞጋም ከዚያ ወርደው ወደ ዓባይ ይገባሉ። ቀድሞ አስታ ለብሶ ጅብራ ይበቅልበት በነበረው ቍር ላይ ዛሬ ገብስና ድንች ይዘራል፤ ማረሻው በየትውልዱ ወደ ላይ ወጥቷል። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ጥቍሩን አፈር ይዞ ይወርዳል፤ ያ ደለል በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ታላቅ ግድብ ይጓዛል። የቀረውም አፈር ብዙ ቦታ ኮምጥጦ ገበሬው በገዛ መሬቱ ላይ ኖራ መበተን ግድ ሆኖበታል። የአገር በቀል ዛፍ ምን ይመስል እንደ ነበር ለማየት የሚሻ ወደ ደብር ቅጽር መግባት አለበት፤ ወይራው፥ ጽዱ፥ ዋንዛው በዚያ ተጠግቶ ይገኛል። የደን ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ያሉትን እነዚህን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንተው፥ ከብት እንዳይገባባቸው የድንጋይ አጥር እንዲታጠር ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ደክመዋል።

ይህን ሁሉ ማን አደረገው? የውጭ አገር ድርሰቶች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክፉ ገዢ ወይም አንድ ስስታም ባለጠጋ አቁመው ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ ይጭናሉ፤ አንባቢም ያን ሰው ጠልቶ እፎይ ይላል። ጮቄን ያራቈተው ግን ክፉ ሰው አይደለም። አባት ርስቱን ለልጆቹ አካፈለ፤ ድርሻው ያነሰበት ልጅ ልጆቹን ለማብላት አንድ እርከን ወደ ላይ ወጥቶ አረሰ፤ ሚስቱም ለማገዶ አስታውን ቈረጠች። ከእነዚህ መካከል ማን በደለ? እያንዳንዱ ለብቻው ሲመረመር ጻድቅ የሆነበት፥ በአንድነት ግን ተራራ የጠፋበት ነገር ነው፤ ለንስሐ አባትም የሚያስቸግር ነው፥ «አባቴ፥ ገብስ ዘርቻለሁ» ብሎ የሚናዘዝ የለምና። እንዲህ ያለውን በደል በስብከትም ሆነ በሕግ ማሳየት ከባድ ስለ ሆነ፥ ልብ ወለድ ሊሠራው የሚችል ልዩ ሥራ ያለ ይመስለኛል፤ መቶ ዓመቱን በአንድ መጽሐፍ አጥፎ የመጀመሪያውን ትልምና የመጨረሻውን ድንጋይ ጎን ለጎን ያስቀምጣልና።

ስለ ዓመፁ ግን ሌላ ነገር አለ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በአሥራት ፈንታ ሲታወጅ ሞጣና ቢቸና ዳሞትም ተነሡ። ገበሬውን ያስነሣው የገንዘቡ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ ግብሩ የቀላድ መጀመሪያ ነው፥ ከቀላድ በኋላም ርስት ለባዕድ ይሄዳል ብሎ ስላሰበ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል፤ ማንበብ የማያውቀው ገበሬ በልቡ የሚመጣውን ዘመን ታሪክ ደርሶ ነበር፤ የተነሣውም በዚያ ታሪክ ላይ ነው። መንግሥት ይህ ከንቱ ፍርሃት ነው አለ፤ በደቡብ አገሮች ግን ቀላድ ያደረገውን ጎጃሜው ሰምቶ ነበር። የጦር አውሮፕላን መንደር እስከ መደብደብ ተደረሰ፤ በመጨረሻ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ተነሡ፥ ግብሩም በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። ከሰባት ዓመት በኋላ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ ርስት ያለ ቀላድ ቀረ፤ የተፈራው ነገር ማንም ባልጠበቀው በር ገባ።

ከዓመፁ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ታትሞ ነበር፤ በዚያም ገበሬዎች በአበጀ በለው እየተመሩ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ይነሣሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ ዓመፁን ወዳለፈ ዘመን ወስደውታል፤ ለሞጣው ገበሬ ጠመንጃ ያስጨበጠው መጽሐፉ ነው የሚል ቢኖር ግን እኔ አልቀበለውም፤ ገበሬው የራሱ ምክንያት ነበረው።

ሆኖም ታሪክ ሰው አይገድልም ለማለት አልደፍርም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዚያችው በሞጣ፥ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ የሚል ወሬ ከተሰማ በኋላ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች በእሳት ጋዩ። ያም ወሬ በአድማጩ ጆሮ የጥፋት ትንቢት ሆኖ ነበር የገባው፤ «ነገ ሊያጠፏችሁ ነው» የሚል ታሪክ፤ ጎረቤትን ከጎረቤት የለየው ከነበልባሉ በፊት ይህ ነበር። እንግዲህ የሽማግሌዎቹ ፍርሃት መሠረት አለው። እኔ ግን በሁለቱ ታሪኮች መካከል ልዩነት አያለሁ፤ አንደኛው ጣቱን ወደ ሰው ይቀስራል፥ ሁለተኛው ወደ ማረሻው ስለ ጠቈመ ጣቱ ወደ ጸሐፊው ራሱ ይመለሳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ስንት ቤት እንዳፈረሰ የሚያውቅ ደራሲም፥ ዓመፅን እንደ ጌጥ በመጽሐፉ ላይ ሊያንጠለጥል አይገባውም።

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ የቢቸናው ወይም የሞጣው ወጣት ብዕሩን ቢያነሣ፥ ከውጭ አገር መጻሕፍት መልስ የማያገኝለት አንድ ነገር ይጠብቀዋል። በሚጽፈው ዘመን ሙጋ ደርቋል፤ ከጮቄ በላይ የሚታረስ አልቀረም፤ የተራበው ሕዝብ ተሰብስቧል፥ መሪም መርጧል። ያ መሪ አፈሩን ያጠፋው የአያቱ ሞፈር መሆኑን ካወቀ፥ ሰዎቹን ወደ ማን በር ይመራቸዋል?