ክፉ ሳይታሰብ ስለሚደርስ ጥፋት

ሰው ሆነ ብሎ በፈጸመው ክፋት ላይ መፍረድ ለኅሊና እምብዛም አይከብድም። ክፉ ያሰበ ማንም በሌለበት፣ ሁሉም በየሥራው ላይ ሳለ የሰው ሕይወት ሲጠፋ ግን ጥያቄው ይከብዳል። ተጠያቂው ማን ነው? ወይስ ተጠያቂ የለም? ስለዚህ ጉዳይ ከአንድ የአየር አደጋ ተነሥተን ከውድ ምእመናን ጋር ጥቂት ልናስብ ወደድን።

በ2007 ዓ.ም. ሰኔ 30 ቀን (እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2015) ከቀትር በፊት፣ በአሜሪካ የሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ ሞንክስ ኮርነር በተባለች ከተማ አቅራቢያ፣ ኤፍ 16 የተባለ ተዋጊ ጄትና ሴስና 150 የተባለች ሁለት ሰው የምትይዝ አነስተኛ አውሮፕላን በ1,500 ጫማ ያህል ከፍታ ላይ ተጋጩ። በትንሿ አውሮፕላን የነበሩት ሁለቱም ሰዎች ሞቱ። የጄቱ አብራሪ ግን ከነመቀመጫው ተስፈንጥሮ ወጥቶ በዣንጥላ በመውረድ ተረፈ።

ትንሿ አውሮፕላን በአቅራቢያው ከሚገኝ አነስተኛ ማረፊያ ገና መነሣቷ ነበር፤ ከቻርልስተን የአየር ተቆጣጣሪዎች ጋር በሬዲዮ አልተገናኘችም፤ ሕጉም በዚያ ስፍራ ይህን አያስገድዳትም ነበር። ጄቱ በበኩሉ የሚበረው በተቆጣጣሪዎች መሪነት ነበር። ጄቱን ይመሩ የነበሩት ባለሙያ ትንሿን አውሮፕላን በራዳር አይተው፣ ከማረፊያዋ አካባቢ አትርቅም ብለው ገመቱ። ሁለቱ ሲቀራረቡም ለጄቱ አብራሪ ማስጠንቀቂያ ሰጡ፤ ቀጥሎም አውሮፕላኗን ካላየ ወደ ግራ እንዲዞር ነገሩት። አብራሪው ርቀቱን ለማረጋገጥ ጠየቀ። ባለሙያዋም ትእዛዙን ደገሙ፤ አሁንም «ካላየህ» የሚለው ቃል አልቀረም፤ «አሁኑኑ» የሚለው ብቻ ተጨመረበት። ጄቱ መዞር ጀመረ፤ ጊዜው ግን አልቆ ነበር። ከመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ እስከ ግጭቱ ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) በሰጠው ድምዳሜ፣ የአደጋው መንስኤ ከቁጥጥር ክፍሉ ተገቢ መፍትሔ ሳይሰጥ መቅረቱ መሆኑን፣ በዓይን አይቶ የመሸሽ ዘዴ ያለበት የተፈጥሮ ድክመትም አስተዋጽኦ ማድረጉን ገለጠ። ይህ ድክመት ሊጤን ይገባዋል። በቀጥታ ወደ ግጭት የሚመጣ ነገር ከአብራሪው መስኮት ሲታይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይንቀሳቀስም፤ እንደ ቆመ ነጥብ ሆኖ ይቆይና በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሴኮንዶች በድንገት ይገዝፋል። ዓይን ደግሞ የሚንቀሳቀሰውን እንጂ የቆመውን ቶሎ አይለይም።

በእንዲህ ያለ መከራ ፊት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጧቸው ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛው «ቅጣት ነው» የሚለው ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ እንደምናነበው፣ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለገደላቸው 18 ሰዎች ጌታችን ሲናገር ከሌሎች ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩ የሚለውን አሳብ አልተቀበለም። ሁለተኛው «ቀናቸው ደርሶ ነው» የሚለው ነው። ይህ ለሐዘንተኛ መጽናኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ለሰው ያለበትን ግዴታ ሁሉ ያስቀራል። ቀኑ ደርሶ ከሆነማ ተቆጣጣሪም ማስጠንቀቂያም ባላስፈለገ ነበር።

እውነቱ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ከባድ ኃጢአት ማወቅንና መፍቀድን ይሻል፤ ስለዚህ በዚያ ማለዳ ሥራቸውን ይሠሩ በነበሩት ላይ በወንጀለኛ እንደሚፈረድ አንፈርድም። ኃጢአት ያልሆነ ሁሉ ግን ከኃላፊነት ነጻ ነው ማለት አይደለም። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ አርቆ ማየትን፣ ዙሪያን ማስተዋልንና ጥንቃቄን የአስተዋይነት ክፍሎች አድርጎ ይቈጥራል፤ ቸልተኝነትንም የአስተዋይነት ተቃራኒ ያደርገዋል። እንግዲህ ማስተዋል የአእምሮ ስጦታ ብቻ ሳይሆን ለባልንጀራችን የምንከፍለው ዕዳ ነው። ሕግን መጠበቅም ይህን ዕዳ ሁልጊዜ ከፍሎ አይጨርስም፤ ትንሿ አውሮፕላን ሕግ አልተላለፈችም፣ ጄቱም የታዘዘውን መንገድ ይዞ ነበር።

ከዚህ ለራሳችን የምንወስደው ምንድር ነው? ብዙዎቻችን የሰው ሕይወት በእጃችን አለ፤ ሾፌሩ፣ ነርሷ፣ ግንበኛው፣ የልጆች ወላጅ። አደጋ ስናይ ቃላችንን «ካላየህ»፣ «ከቻልክ»፣ «ካልመሰለህ» በሚል ቅድመ ሁኔታ ላይ እናንጠለጥለዋለን፤ ይህን የምናደርገው ከክፋት ሳይሆን ሰውን ላለማስቸገር ወይም ግምታችንን ስለምናምን ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ግን ጊዜ ሳለ ቁርጥ ያለ ቃል እንድንናገር ነው። ደግሞም የማይንቀሳቀስ መስሎ ከፊታችን የቆየ ነገር አደጋ የለበትም ማለት አይደለም፤ ዝም ያለ ሕመምተኛ፣ ለወራት የተሰነጠቀ የትምህርት ቤት ግድግዳ፣ ፍሬኑ እየላላ የሄደ መኪና እንደዚሁ ናቸው።

ለሟቾች ያለብን ግዴታም በሐዘን አያበቃም። ቦርዱ የዚህ አደጋ ትምህርት ለአየር ተቆጣጣሪዎች እንዲደርስ መክሯል፤ ይህም ጥፋትን ሳይሸሽጉና ሰውን ሳያዋርዱ እውነትን የመፈለግ ሥራ ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስለ ኅሊና ምርመራ ስታስተምሩ «ምን ክፉ ሠራሁ?» ከሚለው ቀጥሎ «ማየት ሲገባኝ ያላየሁት ማንን ነው?» የሚለውንም ጥያቄ እንድታስከትሉ አደራ እንላለን።