የኪልት ቁጥርና የልክ እውነት

ከብሪታንያ ጦር መጋዘን ወጥቶ ለገበያ የሚቀርብ የስኮትላንድ ወታደር ኪልት፣ ማለትም ሽንሽን ያለው የወንድ ጉርድ ቀሚስ፣ ብዙ ጊዜ ገበሩ ላይ የልክ ምልክት ተሰፍቶበታል። በዚያች ቁራጭ ጨርቅ ላይ የወገብ፣ የመቀመጫና የቁመት ልክ በኢንች ተጽፎ ይገኛል። ቁጥሮቹ ግልጽ ይምሰሉ እንጂ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ያስነሣሉ፦ ልክ የምን እውነት ነው? የጨርቁ፣ የለባሹ ገላ ወይስ የለካው ሰው ሥርዓት?

ምልክቱ ላይ የሰፈረው ሁሉ ልክ አይደለም። ባለ 13 አኃዙ ረጅም ቁጥር የኔቶ የዕቃ መለያ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያለው 84 ልብስና የግል ትጥቅን፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ቦታ ላይ ያለው 99 ደግሞ ብሪታንያን ያመለክታል። ባለ ሦስት ጭረቷ ቀስት የመንግሥት ንብረትነት ምልክት ናት። አንድ ወይም ሁለት ትናንሽ ቁጥሮች ብቻ ከተጻፉ፣ እነሱ ኢንች ሳይሆኑ የመጋዘን ሠንጠረዥ ተራ ናቸው፤ ሠንጠረዡ ከሌለ ለገዢው ምንም አይነግሩትም።

የበለጠ የሚያሳስተው ወገብ ነው። 34 ቁጥር ጂንስ የሚለብስ ሰው 34 የተጻፈበትን ኪልት ገዝቶ ዘለበቱ አልደርስ ሊለው ይችላል። 34 ኢንች 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ አይለወጥም። የሚለወጠው ሜትሩ የሚዞርበት ቦታ ነው። ጂንስ ከሆድ በታች ዳሌ ላይ ያርፋል፤ ኪልት ግን ከዳሌ አጥንት በላይ፣ እምብርት አካባቢ ይታሰራል። በዚያ ላይ ብዙ የሱሪ ፋብሪካዎች ገዢን ለማስደሰት ከጻፉት ቁጥር አስፍተው ይሰፋሉ። «ወገቤ 34 ነው» የሚል ሰው አይዋሽም፤ የሚናገረው ግን ስለ ሱሪው እንጂ ስለ ገላው አይደለም።

መነሻ ላይ ስላነሣነው የልክ ጥያቄ ፈላስፎችም ጽፈዋል። ሉድቪግ ቪትገንሽታይን በዘመኑ የሜትር መመዘኛ ስለነበረው ፓሪስ ስለሚቀመጠው ዘንግ ሲጽፍ፣ ዘንጉን አንድ ሜትር ነው ማለትም አይደለም ማለትም አይቻልም ብሏል፤ መለኪያው ራሱ በመለካት ሥራ ውስጥ የተለየ ድርሻ አለውና። ሶል ክሪፕኪ ይህን አልተቀበለም። ዘንጉ ሞቆ ቢሆን ኖሮ ይረዝም ነበር፤ ስለዚህ አንድ ሜትር መሆኑ ስለ ዘንጉ የሚነገር እውነት ነው። የኪልቱን ምልክት ለመረዳት ሁለቱም ያግዛሉ። ጨርቁ የራሱ ስፋት አለው፤ በሙቅ ውሃ የታጠበ ሱፍ የተጻፈበት ቁጥር ሳይለወጥ ይኮማተራል። ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው ግን በአለካክ ልማድ ውስጥ ነው። በሠራዊቱ ውስጥ ይህ ልማድ ሕያው ነበር፦ ኪልቱ ከአንዱ ወታደር ወደ ሌላው ሲተላለፍ ልብስ ሰፊው ዘለበቱን ነቅሎ ያዛውረው ነበር። የድሮው ስፌት የመርፌ ቀዳዳዎች ከአዲሱ ዘለበት አጠገብ ይታያሉ፤ ምልክቱ የመጀመሪያውን ቁጥር እንደያዘ ይቀራል። እንዲህ ባለ ኪልት ላይ ከቁጥሩ ይልቅ ቀዳዳዎቹ ይታመናሉ።

ስለዚህ ምልክቱን አምኖ ከመግዛት በፊት ልኩን በእጅ መውሰድ ያስፈልጋል። ኪልቱ ተቆልፎ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይዘረጋል፤ ወገቡ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ተለክቶ በሁለት ይባዛል። መቀመጫውም ሽንሽኑ ተሰፍቶ ከሚያልቅበት መስመር ላይ በዚያው መንገድ ይለካል። ቁመቱ ከላይኛው ጠርዝ እስከ ታች ሲሆን፣ ለባሹ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጫፉ ጉልበቱ ላይ ማረፍ አለበት። የወገብ ስህተት ዘለበት በማዛወር በጥቂቱ ይቃናል። መቀመጫው ከጠበበ ግን ሽንሽኑ ይከፈታል፤ እሱን ለማስተካከል ሽንሽኑን በሙሉ ፈትቶ እንደገና መስፋት ያስፈልጋል።