ደመወዝ የሌለው ዳኛ

ከእድራችሁ ዳኛ ጋር ቅር የተሰኛችሁበትን ቀን እስቲ አስታውሱ። ምናልባት ቀብር ሳትደርሱ ቀርታችሁ ቅጣት ተጥሎባችሁ፣ የሌላው ሲታለፍም አይታችሁ ይሆናል። ያ ሰው ደመወዝ የለውም። በሌሊት በሩ ይንኳኳል፤ ጡሩምባ አስነፍቶ፣ ድንኳን አስተክሎ ሲያበቃ ትርፉ ወቀሳ ነው። ታዲያ በነፃ ከሚያገለግል ሰው ፍትሕ የመጠየቅ መብት አለን?

አዎን፣ አለን። አገልጋይ የራሱን ደመወዝ ሊተው ይችላል፤ የሌላውን ሐቅ ግን ሊተው አይችልም፤ የእርሱ አይደለምና። «በነፃ እየሠራሁ ደግሞ ልጠየቅ?» የሚል ሰው በስጦታ የሰጠውን መልሶ እያስከፈለ ነው።

ወደ ሰቆጣና ወደ ዋግ ኽምራ ደጋ እንሂድ። ዋግ ቀድሞ ከወሎ አውራጃዎች አንዷ ነበረች፤ በወሎ ገጠር የእድሩን ሥራ የሚሠራው ቅሬ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዷም ዋግ ነች። በእንዲህ ያለ ዘመን መዋጮ ያቋረጠ ሁሉ አጥፊ ነውን? ደንቡ «ያልከፈለ ይሰረዝ» ቢል፣ ዳኛው እንዳለ ከፈጸመው የተራበውን ይቀጣል። ለሚያውቀው ሰው ብቻ ዐይኑን ከጨፈነ ደግሞ እዝነቱ አድልዎ ይሆናል። የሚሻለው የችግረኛውን ስም ሳይጠራ ጉዳዩን ለአባላቱ ማቅረብ፣ ለአንዱ የታለፈውም በዚያው ችግር ላለ ሁሉ እንዲታለፍ ማስወሰን ነው። ከቁርኣን ምዕራፎች አንዱ በሹራ፣ ማለትም በምክክር ስም መጠራቱ ለዚህ በቂ ማሳሰቢያ ነው።

ሥልጣኑም ወሰን አለው። በ2014 ዓ.ም. ከአበርገሌ በጦርነት የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች ሰቆጣ ተጠልለው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ አንድ ሙስሊም ቢሞት፣ ስሙ በከተማው እድር መዝገብ ላይ አይገኝም። እድሩ ገንዘቡን ለአባላቱ ብቻ ሊያደርግ ይችል ይሆናል። ጀናዛን ማጠብ፣ መከፈን፣ መስገድና መቅበር ግን ፈርድ ኪፋያ ነው፤ ማንም ካልፈጸመው እያወቁና እየቻሉ የተዉት ሁሉ ይጠየቁበታል። ስለዚህ «ከመዝገብ ተሰርዟል፤ አንቀብረውም» የሚል ቅጣት በማንም ዳኛ እጅ የለም። ደንቡን ያወጣነው ይህን ግዴታ ለመወጣት እንጂ ከእርሱ ለማምለጥ አይደለም።

እኛስ? በምርጫ ቀን «ጊዜ የለኝም» ብለን እንሸሻለን፤ በማግሥቱ የተመረጠውን እናማለን። ለዓመታት ብቻውን የተሸከመ ሰው ይደክማል፤ የደከመ ሰው ይቆጣል፤ ሲቆይም መዝገቡን እንደ ራሱ ንብረት መቁጠር ይጀምራል። የዚህ ጥፋት ግማሹ የእኛ ነው። ስሕተቱን ከኋላው ሳይሆን ለራሱ እንንገረው፤ ሒሳቡን በወቅቱ እንጠይቀው፤ ተራችን ሲደርስም ሸክሙን እንቀበለው። ልጆቻችንም ይህን ከቤት ይማሩ፤ ነገ መዝገቡ በእነርሱ እጅ ነው።

አላህ ፍትሕን ከእዝነት ጋር ከሚያጣምሩት ያድርገን። አሚን።