ትምህርት ቤቱ ልዩ ልዩ፥ አደራው ግን አንድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



መስከረም ጠብቶ ትምህርት በተከፈተ ቁጥር በእኛ በወጣቶች መካከል የማይቀር ወሬ አለ። «የእነ እገሌ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራና ኮምፒዩተር አለው፤ እኛ ግን አንድ መጽሐፍ ለሦስት ነው የያዝነው» እንባባላለን። ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ የትምህርት ዕድል በዓለም ላይ እኩል አልተከፋፈለም። ነገር ግን ከጎረቤት ትምህርት ቤት አልፎ የማያይ ዓይን የሚያየው ጥቂት ነውና ዛሬ ራቅ ብለን የሌሎችን አገሮች ልጆች እንመልከት።

በጃፓን በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የክፍሉን ወለል የሚወለውሉትና መተላለፊያውን የሚጠርጉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። የምሳ ሰዓት ሲደርስም ተራ የደረሳቸው ልጆች ሽርጥ ታጥቀው ለጓደኞቻቸው ምግብ ያድላሉ። አገሪቱ ለጽዳት ሠራተኛ የምትከፍለው ገንዘብ አጥታ አይደለም፤ ልጅ የሚገለገልበትን ቤት ማገልገልን ይማር ብላ ነው። ጌታችን ዝቅ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ የተማርን እኛ፥ መጥረጊያ መያዝን እንደ ውርደት ልንቆጥር ይገባናልን?

በፊንላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ተማሪዎች ሁሉ በየትምህርት ቀኑ ምሳ በነፃ ይመገባሉ። ያን ጊዜ አገሪቱ ገና ከጦርነት የወጣችና የጦር ካሣ የምትከፍል ነበረች። ሀብታም እስክንሆን እንቆይ አላሉም፤ ካላቸው ላይ አስቀድመው ለልጆቻቸው ቆረሱ።

በባንግላዴሽ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ መንገዱን እየሸፈነ ልጆችን ከትምህርት ያስቀራቸው ነበር። መሐመድ ሬዝዋን የተባለ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ካልቻለ ትምህርት ቤቱ ወደ ልጁ ይሂድ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2002 በጀልባ ላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ጀመረ። ጀልባው በወንዙ ዳርና ዳር እየዞረ ልጆቹን ይሰበስባል፤ ከዚያም ቆሞ በላዩ ላይ ይማራሉ።

በእኛም አገር የቆሎ ተማሪው አለ። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቦ ከወላጆቹ መንደር ይርቃል፤ በየደጁ በእመቤታችን ስም እየለመነ፥ ውሻውን በዱላው እየተከላከለ ያገኘውን ቁራሽ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል። ዜማውን በቃሉ ያጠናል፤ ቅኔውን ይቆጥራል። ሊቃውንቶቻችን የወጡት ከዚህ ጎጆ ነው።

ለመማር ከዚህም የከበደ ዋጋ የከፈሉ ልጆች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ በኒው ኦርሊያንስ ከተማ ሩቢ ብሪጅስ የተባለች የስድስት ዓመት ጥቁር ልጅ የነጮች ብቻ ወደ ነበረ ትምህርት ቤት የገባችው በመንግሥት ሕግ አስከባሪዎች ታጅባ ነው። ሰዎች በደጅ ቆመው ይሰድቧት ነበር። ነጮቹ ወላጆች ልጆቻቸውን ስላስወጡ ያን ዓመት ከአንዲት መምህር ጋር ብቻዋን ተማረች። ይህች ሕፃን ግን ስለሚሰድቧት ሰዎች ትጸልይ ነበር። በአፍጋኒስታን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ሴቶች ልጆች ከስድስተኛ ክፍል በላይ እንዳይማሩ ተከልክለው በቤት ተቀምጠዋል። በኬንያ ኪማኒ ማሩጌ የተባሉ አዛውንት በልጅነታቸው ያጡትን ትምህርት ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ2004፥ በ84 ዓመታቸው፥ ዩኒፎርም ለብሰው አንደኛ ክፍል ገቡ። ከምክንያታቸው አንዱ መጽሐፍ ቅዱስን በገዛ ዓይናቸው ማንበብ ነበር። እኛ በደህና ዓይናችን ስንት ጊዜ ገልጠነው ይሆን?

ወንድሞችና እኅቶች፤ የመክሊቱን ምሳሌ እናስታውስ። ለአንዱ አምስት፥ ለአንዱ ሁለት፥ ለአንዱም አንድ ተሰጠ። ጌታው በተመለሰ ጊዜ ባለ አንዱን «ስለምን አምስት አላመጣህም?» ብሎ አልጠየቀውም፤ የጠየቀው በእጁ ስለ ነበረው ስለ አንዱ ነው። ያም ሰው የተወቀሰው ትንሽ ስለ ተሰጠው ሳይሆን የተሰጠውን ስለ ቀበረ ነው። እንግዲህ መጽሐፉን ለሦስት የሚካፈል ተማሪ ስለ ቤተ ሙከራው አይጠየቅም፤ ስለዚያ መጽሐፍ ግን ይጠየቃል።

ደግሞም መክሊት የተሰጠን ለብቻችን አይደለም። በዓለም ላይ ከ250 ሚሊዮን የሚበልጡ ልጆችና ወጣቶች ከትምህርት ውጭ ናቸው፤ በአገራችንም ጦርነት ከደብተራቸው የለያቸው ብዙዎች ናቸው። እነርሱን በሩቅ ብቻ አንፈልጋቸው። ከገጠር መጥታ በየቤታችን እንጀራ የምትጋግር፥ ውኃ የምትቀዳ፥ ዕድሜዋ ከእኛ ዕድሜ የማይበልጥ እኅት ትኖር ይሆናል። ጠዋት ቁርሳችንን አቅርባ፥ ደብተራችንን አንሥታ ሰጥታ በበሩ ትሸኘናለች፤ እርስዋ ግን ትቀራለች። የእርስዋ ሥራ ለእኛ የጥናት ሰዓት ሆኖልናል። ስለዚህ ይህ ቸርነት ሳይሆን ዕዳ መክፈል ነው።

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምረን ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፥ የተሰጠንን ትምህርት ሳናማርር በትጋት እንያዝ። ሁለተኛ፥ ክፍላችንን በእጃችን እናጽዳ። ሦስተኛ፥ ፊደል ያልቈጠረችውን እኅት ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ከሀ ሁ ጀምረን እናስተምራት፤ የምሽቱን ዕቃ ማጠብም እኛ እንካፈላት፤ የማታ ትምህርት ቤት እንድትመዘገብም አባቶቻችንንና እናቶቻችንን በትሕትና እንለምን። ቢከብዳቸውም ደግመን እንለምን።

በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በመቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ይሰማና ይጠይቅ የነበረው ጌታችን፥ በጀልባም በጎጆም የሚማሩትን ይጠብቅልን፤ ደጁ ለተዘጋባቸውም ይክፈትላቸው፤ ለእኛም የተሰጠንን የማንቀብርበት ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።