ሳይደፈርስ አይጠራም

መጽሐፍ ለአንባቢው ሳይገባው በቀረ ጊዜ ጥፋቱ የጸሐፊው ነውን ወይስ የአንባቢው? ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ስንቱ ደራሲ ይህ ሳይመረመር ተፈርዶበታል።

ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1962 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ ከዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት ወደ ገጠር የወረደ ወጣት ከአገሬው ጋራ ስለ አሮጌውና ስለ አዲሱ ልማድ ሲከራከር ያሳያል፤ ደራሲውም ሁሉን በየአንደበቱ ያናግራል እንጂ ፍርዱን ፈጥኖ አይሰጥም። ስለዚህ አንባቢው በሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ ንግግሩ በዛ፥ ቃሉ ከበደ፥ ታሪኩም ተያይዞ አይፈስም ብሎ ነቀፈው፤ ሌላው ደግሞ፥ ይልቁንም በኋላ የተነሡ የሥነ ጽሑፍ መምህራን፥ ለአማርኛ ልብ ወለድ አዲስ መንገድ ከፈተ ብሎ አመሰገነው።

በቅኔ ቤት ተማሪው ሰሙን ሰምቶ ወርቁ ቢሰወርበት ቅኔውን አይነቅፍም፤ ሲያወጣ ሲያወርድ ያድራል፥ ካልሆነለትም መምህሩን ይጠይቃል። የልብ ወለድ አንባቢ ግን የሚፈታለት መምህር በአጠገቡ የለውም፤ በገንዘቡ ገዝቶ ብቻውን በመብራት ሥር ይቀመጣል። ስለዚህ የተማሪውን ያህል ታገሥ ቢሉት አይፈረድበትም። ደግሞም ወርቅ የሌለው ሰም አለ፤ የከበደ ሁሉ የጠለቀ አይደለም።

እንግዲህ መለኪያው መክበድና መቅለል ሳይሆን፥ ሁለተኛ ሲያነቡት የሚገኝ ትርፍ ነው። አንዱን ምስክር ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ እንደሚያዳላ፥ አንድ ጊዜ ገልጦ የሚነቅፍም እንዲሁ ነው። የችኮላ ፍርድ ጉዳቱ ለደራሲው ብቻ እንዳይመስል። ዳኛቸው ቀጥሎ ያወጣውን ልብ ወለድ፥ «ዐሥራ ሦስተኛው ፀሐይ»ን፥ በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1973 እ.ኤ.አ. በለንደን አሳተመው። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፥ ያ ሥራ አስቀድሞ የደረሰው ለባዕድ ቋንቋ አንባቢ ነው።

ሳይደፈርስ አይጠራም ይላል ያገራችን ሰው። ምንጭ በደፈረሰ ጊዜ ተቀምጦ የጠበቀ ጥሩውን ይጠጣል፤ የቸኮለ ግን ጭቃውን ጠጥቶ ምንጩን ይሰድባል። ደራሲም በበኩሉ ከሥር ምንጭ መኖሩን ሳያረጋግጥ ውሃውን አያደፍርስ።