ባዶ አንጀት ያርፋል ወይ?

ሐረር ውስጥ ፈላና በር አካባቢ የአንጀት ቀዶ ሕክምና አድርጎ ከሕይወት ፋና ሆስፒታል የወጣ ሰው ጠያቂም መካሪም አያጣም። አንዷ ጎረቤት አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ትገባለች፤ ሌላው «ቁስሉ እስኪሽር አንጀቱን አሳርፉት እንጂ!» ይላል። ሁለቱም አዝነውለት ነው። ለመፍረድ ግን መጀመሪያ የአንጀት ዕረፍት ምን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የተሰበረ እጅ በጀሶ ታስሮ ያርፋል። አንጀትም ሥራ ሲፈታ ይድናል ማለት ከዚሁ የሚከተል ይመስላል፤ ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን ሕመምተኛው ጋዝ እስኪያወጣ በአፉ ምንም አያስቀምሱትም ነበር። ይህን ልማድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከተፈታተኑት አንዱ ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬሌት ነው። ዛሬ ለአብዛኛው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በአፍ ማስጀመር ይመከራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን የአንድ ረድፍ ሕዋስ ውፍረት ብቻ አለው፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜም ይታደሳል። ቀለቡን ከደም ብቻ አይጠብቅም፤ በላዩ ከሚያልፈው ምግብም ይወስዳል። የትልቁ አንጀት ሽፋንማ ዋና ጉልበቱ ባክቴሪያዎች አሰር አብላልተው የሚያወጡት ቡታይሬት ነው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ ፈላና በር ቢዘጋም ይቆማል። የአንጀት ግንብ ግን የሚሠራው በበሩ ከሚገባው ስለሆነ፣ በሩ ሲዘጋ ራሱ ይሳሳል።

እንግዲህ ባለ አጥሚቷ ረታች? ያለ ገደብ አይደለም። የሚያስመልሰው፣ ሆዱ የተነፋ ወይም ስፌቱ ያፈሰሰበት ሰው የሐኪሙን ቃል መጠበቅ አለበት። ደግሞም ባክቴሪያዎቹ የሚወዱት አሰር ስፌቱ ባበጠበት ሰሞን ይከብዳል። ስለዚህ የማሽላ እንጀራውና ቦሎቄው ለጥቂት ሳምንታት ይቆዩና ሩዝ፣ እንቁላልና እርጎ በጥቂት በጥቂቱ ይቀድማሉ።

«ሲርበው ይበላል» የሚለውም አያስኬድም። ረሃብ የባለቤቱ ስሜት እንጂ የአንጀቱ ልክ አይደለም፤ እዚህ ከተማ ደግሞ ይበልጡን። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ጨጓራን ያዘገያል፣ ሆድ ያደርቃል። ለበርጫ የመጡ ጓደኞች ሊያጫውቱት አስበው ምሳውን ይወስዱበታል።

በምግብ የማይሞላ ጉድለትም አለ። የትንሹ አንጀት መጨረሻ በብዛት ከተቆረጠ ቪታሚን ቢ12 የሚቀበል ቦታ ይጠፋል፤ ሥጋና እንቁላል ቢደረደርለትም አይተካውም። ጉበት ያከማቸው ለዓመታት ስለሚያቆይ ችግሩ የሚገለጠው ቀዶ ሕክምናው ከተረሳ በኋላ፣ እግር ሲደነዝዝና ደም ሲያንስ ነው። የቪታሚኑ መርፌ መጀመር ያለበት ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው።