የማላምንበት ኪኒን

ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ሻንጣ መቼም ባዶ ሆኖ አያውቅም። ዱሮ ሸሚዝና ጫማ፣ ሽቶና የሕፃናት ልብስ ይይዝ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ኪኒን ተጨምሮበታል። ለእኔም የደረሰኝ ኪኒን ነው። ዋሽንግተን የምትኖረው ታናሽ እህቴ ጋር በስልክ ስንጫወት፣ ደረጃ ስወርድ ጉልበቴን እንደሚቆረጥመኝ አንድ ቀን አምልጦኝ ነግሬያት ኖሯል። ወር ሳይሞላ መቶ ሃምሳ ፍሬ የያዘ ትልቅ ብልቃጥ በሰው እጅ ላከችልኝ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ስትደውል ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ጋሼ፣ ወሰድከው?»

አንባቢ «ታዲያ ይህ ምን ያስጨንቃል? ወይ ውሰደው ወይ ተወው» ይለኝ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን የሚል ነው። ሁለቱም በሰውነታችን ውስጥ በተፈጥሮ ይገኛሉ፤ በአጥንትና በአጥንት መጋጠሚያ ላይ እንደ ትራስ የሚያገለግለው ልም አጥንት የሚሠራው በእነሱም ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የሳሳውን በአፍ በኩል መተካት። እናቶቻችንም አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ቅልጥም ሲቀቅሉ፣ አብሽ ሲያጠጡ የኖሩት ከዚህ ብዙ በማይርቅ ሐሳብ ነው። ፋብሪካው ግን ግሉኮሳሚኑን በአብዛኛው የሚያወጣው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ጠንካራ የላይ ሽፋን ነው። ይህን ያወቅሁ ዕለት ሳቄ መጣ። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት እንዳይበላ የኦሪት ሕግ እየተነገረው ያደገ ሰው፣ በሁዳዴ የሸርጣን ልብስ ሊውጥ ነው! ነገሩን ለንስሐ አባቴ ባነሣባቸው «መድኃኒት ከሆነማ…» ብለው ጀመሩና ዝም አሉ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም፤ ነገር ግን ዋናውን ጥያቄ ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። መድኃኒት ነው ወይስ አይደለም?

በላኪው አገር ሕግ መድኃኒት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እነዚህን የምግብ ማሟያዎች ከምግብ ወገን መድቧቸዋል። ስለዚህ አምራቹ ገበያ ላይ ከማውጣቱ በፊት የሚረዱ ስለመሆናቸው ለመንግሥት ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ በአንጻሩ «ይፈውሳል» ብሎ መጻፍ አይፈቀድለትም። የእኔው ብልቃጥ የሚለው «የመገጣጠሚያን ጤና ይደግፋል» ነው። ደግፎ የት እንደሚያደርስ አይናገርም።

ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው፣ በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የተካሄደ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው 1,583 ሰዎች በአምስት ተከፍለው ለ24 ሳምንታት ኪኒን ዋጡ። አንዱ ቡድን ግሉኮሳሚን፣ ሌላው ኮንድሮይቲን፣ ሦስተኛው ሁለቱን በአንድነት፣ አራተኛው የታወቀ የሕመም ማስታገሻ፣ አምስተኛው ምንም ነገር የሌለበት ባዶ ኪኒን። ማን ምን እንደዋጠ አያውቅም። ሁለቱን በአንድነት ከዋጡት ውስጥ ከመቶ 67 ያህሉ ሕመማቸው ቀለል አለላቸው። ባዶውን ከዋጡትስ? ከመቶ 60። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው የሚበልጥ አልነበረም። እርግጥ ሕመማቸው ጠንከር ባለባቸው ሰዎች ላይ የተሻለ ውጤት ታይቷል፤ አጥኚዎቹ ራሳቸው ግን ይህ በሌላ ጥናት መረጋገጥ አለበት ነው ያሉት።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ስለዚህ አይሠራም» ብሎ ያልፋል። እኔን ግን ያስቆመኝ ያ 60 ነው። ባዶ ኪኒን ውጠው ከመቶ ስድሳው ተሻላቸው! የአንዳንዱ ሕመም በራሱ ጊዜ ቀንሶ ይሆናል፤ ቁርጥማት እንደሆነ ይመጣል፣ ይሄዳል። የአንዳንዱ ግን ተስፋ ያደረገ ሰው ሕመም ነው። እነዚህ ሰዎች ተታለሉ ወይስ ተረዱ?

እኔ መዋጥ የጀመርኩት አምኜ አይደለም። በየእሑዱ «ወሰድኩ» እያልኩ እህቴን መዋሸት ከበደኝ። ውሸት ከምናገር ውሸት ልዋጥ ብዬ ነው። በዚያው ሰሞን ሐኪም እንደመከረኝ የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ጀመርኩ፤ ጠዋት ጠዋት እስከ መስቀል አደባባይ በእግሬ መሄድም እንዲሁ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ደረጃ ስወርድ ግድግዳውን መያዝ እንደተውኩ ባለቤቴ ነገረችኝ።

ማን አዳነኝ? ብጠየቅ እግሬና ጡንቻዬ ናቸው እላለሁ፤ እንቅስቃሴ ለጉልበት ሕመም እንደሚረዳ የሚያስረዳው ማስረጃ ለኪኒኑ ካለው በእጅጉ ይበልጣል። (ጂም የሚመላለሰው ልጄ ውሃ ውስጥ የሚበጠብጠው ክሪያቲን የሚባል ዱቄት እንኳ ከእኔ ኪኒን የተሻለ ማስረጃ አለው፤ ይህን ስነግረው ሳምንት ሙሉ ኮራብኝ።) ሆኖም ጠዋት ያንን ትልቅ ፍሬ በውሃ ሳወራርድ፣ ባሕር ማዶ ያለች አንዲት ሴት የእኔን ጉልበት እያሰበች መሆኗ ትዝ ይለኛል። ይህ ትዝታ ጉልበት ድረስ አይወርድም ብዬ ለመማል አልደፍርም።

እንዲያውም ለመዋጥ የግድ ማመን እንደማያስፈልግ የሚጠቁም ሌላ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የሃርቫርዱ ቴድ ካፕቹክና ባልደረቦቹ አንጀታቸውን የሚያማቸውን 80 ሰዎች ለሁለት ከፈሏቸው። ለአንደኛው ወገን ባዶ ኪኒን ሲሰጡ ባዶ መሆኑን በግልጽ ነገሯቸው፤ ባዶም ቢሆን ሰውነት ራሱን እንዲያሽል ሊያነሣሣ እንደሚችል ጨምረው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከነዚህ ውስጥ ከመቶ 59ኙ በቂ ፋታ አገኘን አሉ። ምንም ካልወሰዱት መካከል እንዲህ ያሉት ከመቶ 35 ነበሩ። እንግዲህ ሰው ሳይዋሽም ሊጽናና ይችላል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ሕሊናዬ አረፈ። እኔ ራሴን አላታለልኩም፤ የማላምንበትን ኪኒን እንደማላምንበት እያወቅሁ እውጣለሁ፣ ማንንም አልጎዳሁም አልኩ።

ዕረፍቱ የቆየው ጎረቤታችን እማማ ከደረጃው ሥር እስኪያገኙኝ ድረስ ነው።

«ልጄ፣ እግርህ እኮ ተፈታ! ምን ወስደህ ነው?»

«እህቴ የላከችልኝ ኪኒን አለ» አልኩና አለፍኩ። ቸኩዬ ነበር። ስለ እንቅስቃሴው፣ ስለ ስድሳውና ስለ ስድሳ ሰባቱ በደረጃ ላይ ቆሞ ማን ያወራል?

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለቤቴ እንደነገረችኝ፣ እማማ የብልቃጡን ስም ከሠራተኛችን አስጽፈው ወስደዋል። ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራው ልጃቸው ነግረዋት፣ ልጅቱም ከደመወዟ ቀንሳ ልትልክላቸው ነው። በዚያ ላይ እማማ የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት ይወስዳሉ። ግሉኮሳሚን ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ የመድማትን አደጋ ሊያባብስ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ አለ። ይህን አንብቤው ነበር። ለእኔ የማይመለከተኝ ስለሆነ ዘልዬው ነበር።

ዊልያም ክሊፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ድርሰት ውስጥ አንድ የመርከብ ባለቤት አለ። መርከቡ ማርጀቷን እየጠረጠረ፣ ጥርጣሬውን በመልካም መልካም ሐሳብ አስተኝቶ መንገደኞቹን ይጭናል። ክሊፎርድ መርከቧ ብትሰጥምም፣ በሰላም ብትደርስም ሰውየው እኩል በደለኛ ነው ይላል። ለራሴ ጉልበት ሲሆን ይህ ፍርድ ይበዛብኛል፤ በገዛ መርከቤ ብቻዬን ብሰጥም ለማን ምን አገባው? እማማ ግን ተሳፍረዋል። ያሳፈርኳቸውም በአራት ቃል ነው። ደግሞ አንዱም ቃል ውሸት አልነበረም፤ እህቴም አለች፣ ኪኒኑም አለ። የዚህ ሁሉ ንግድ መሠረት ማስታወቂያ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው «ለእኔ ረድቶኛል» የሚለው የጎረቤት ቃል ነው፤ እኔም ያለ ደመወዝ ሻጭ ሆኛለሁ።

እውነቱን ልንገራቸው ስል ደግሞ ያ ስድሳ መጣብኝ። እማማ ቢያምኑ ይቀላቸው ይሆናል፤ ብነግራቸው ያንን እቀማቸዋለሁ። ባዶነቱን እያወቁ የዋጡት ሰዎች ለዚህ አልረዱኝም፤ እነሱ ተነግሯቸው መረጡ፣ እማማ ግን ከእኔ ሰምተው ነው የመረጡት። ዋርፋሪኑ ባይኖር ኖሮ ዝም እል ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። የልጅቱ ደመወዝስ? ዝም አልልም ብዬ መመለስ እወድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ዝም የምል ይመስለኛል፤ ይህም አልወደድኩትም።

ቡና ሲያፈሉ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዳመጡኝ።

«ታዲያ አንተ ለምን ትውጠዋለህ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«እህቴ ስለላከችው ነው እማማ።»

«ለእኔም እኮ ልጄ ናት የምትልክልኝ» አሉ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ እንዳይወስዱ ቃል አስገባኋቸው፤ ልጅቱም ገንዘቡን እንዳትልክ እንዲደውሉላት ለመንኳቸው። ስለ ሐኪሙ እሺ አሉኝ። ስለ ልጅቱ ግን «አያለሁ» ነው ያሉት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጠዋት እስከ ጥግ ሱቁ ድረስ አብረን በእግር ሄደናል፤ ሦስተኛው ቀን ብርድ ነው ብለው ቀሩ።

እሑድ እህቴ ደወለች። ሌላ ብልቃጥ እንዳትልክ ነገርኳት።

«ጨረስከው እንዴ ጋሼ?»

«አሥራ አንድ ፍሬ ቀርቶታል» አልኳት።